ጓሮዬ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ጥቋቁር ዝንቦች ምንድን ናቸው? ሁለቴ ረጭቼ ተመልሰው መጡ

ችግኝ_እና_እኔ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ እስቲ ከናንተ መሀል የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ መላው ጠፍቶኛል። ጓሮዬ ውስጥ ጥቃቅን ዝንቦች ገብተውብኛል፣ ዝንብ ልበላቸው እንጂ ትንኝም ሊሆኑ ይችላሉ፣ አንዷ የሰሊጥ ፍሬ ብታክል ነው፣ ጥቁር ናቸው፣ ችግኝ የዘራሁባቸውን ማሰሮዎች ውሃ ሳጠጣ ከአፈሩ ብን ብለው ይነሱና ትንሽ ወዲያ ወዲህ ብለው ተመልሰው እዛው ያርፋሉ። መጀመሪያ አንድ ሁለት ነበሩ ንቄ ተውኳቸው፣ አሁን ግን ጎንበስ ባልኩ ቁጥር አይኔና አፍንጫዬ ውስጥ እየገቡ ነው። በዛ ላይ የቃሪያ ችግኞቼ አራቱ አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ ጠውልገው ወደቁ። የቲማቲሙ ቅጠል ላይ ደሞ ነጭ ጥምዝምዝ መስመር ወጥቷል፣ ልክ ህፃን ልጅ በእስክሪብቶ የሞነጫጨረው ነው የሚመስለው። ቤት የነበረ የነፍሳት መድሃኒት ሁለቴ ረጨሁ፣ ሁለቴም ለሁለት ቀን ጠፍተው ተመለሱ፣ እንደውም ከሁለተኛው በኋላ የቅጠሉ ነገር ብሶበታል። ፎቶ ላነሳቸው ሞክሬ ከጥቁር ነጥብ ውጪ ምንም አይታይም ስልኬ ዙም ሳደርገው ያደበዝዘዋል። ምንድን ናቸው? ምንስ ልርጭ? አመሰግናለሁ በቅድሚያ

አጭር_መልስ፦
የፍራፍሬ ዝንብ ነው እህቴ። ብርጭቆ ውስጥ አቼቶ አድርጊ፣ የእቃ ማጠቢያ ሳሙና ሁለት ጠብታ ጨምሪበት፣ ጠዋት ስትነሺ ሰጥመው ታገኛቸዋለሽ። እኔ ኩሽና ውስጥ እንደዛ ነው የተገላገልኩት።

ባለ_አጉሊ፦
አቼቶው አይጎዳም ሞክሪው፣ ግን የፍራፍሬ ዝንብ አይመስለኝም። የፍራፍሬ ዝንብ ገላው ወደ ቢጫ የሚያደላ ቡኒ ነው፣ አይኑ ደሞ ቀይ ነው፣ የሚሰበሰበውም የበሰበሰ ወይ የኮመጠጠ ፍሬ ያለበት ቦታ ነው፣ ችግኝ ያለበት አፈር ውስጥ ምን ሊሰራ ይሄዳል። ቀይነቱ እንደውም ታሪክ አለው፣ ቶማስ ሀንት ሞርጋን የሚባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1910 ከሚያረባቸው ዝንቦች መሀል አንድ ነጭ አይን ያለው ብቅ ቢልበት እሱን ተከታትሎ ነው ዘር ክሮሞዞም ላይ እንደሚተላለፍ ያሳየው፣ በ1933 ኖቤል የተሸለመውም በዚሁ የዝንብ ስራው ነው። ከርዕስ ወጣሁ ይቅርታ።

ወደ ጥያቄሽ ስመለስ፣ ምን ልርጭ ያልሽውን ለጊዜው ተይውና መጀመሪያ አንዷን ያዢ። ግልጽ የሆነ ብርጭቆ አፈሩ ላይ ድፊ፣ ማሰሮውን በጣትሽ መታ መታ አድርጊው፣ ሲነሱ ብርጭቆው ጣሪያ ላይ ይለጠፋሉ። ከዛ በስሩ ወረቀት አንሸራተሽ ሸፍኚና እንዳለ ፍሪጅ ውስጥ አምስት አስር ደቂቃ አቆይው፣ አይሞቱም ይደነዝዛሉ። ነጭ ወረቀት ላይ ስታራግፊያቸው ለትንሽ ጊዜ ሳይንቀሳቀሱ ይቆዩልሻል፣ ያኔ ነው ፎቶ ማንሳት። ዙም አታድርጊ ስልኩን ራቅ አድርገሽ አንሺና በኋላ ቁረጪው፣ አጠገባቸው ማስመሪያ አስቀምጪ። አጉሊ መነጽር ካለሽማ በጣም ጥሩ።

የምታዪው ነገር ብዙ አይደለም። ክንፉ ስንት ነው? ሁለት ከሆነ ዝንብ ወይ ትንኝ ነው፣ እነዚህ ነፍሳት ኋለኛው ጥንድ ክንፋቸው ተለውጦ እንደ ክብሪት እንጨት ጫፉ ድቡል ያለ ትንሽ ነገር ሆኗል፣ ሲበሩ ሚዛን የሚጠብቁት በሱ ነው። አራት ከሆነ ስሙ ምንም ይሁን ምን ዝንብ አይደለም። ቀጥሎ አንቴናውን እዪ፣ ረጅም ነው ወይስ ጭራሽ የማይታይ አጭር? እግሩስ እንደ ወባ ትንኝ ቀጭንና ረጅም ነው ወይስ እንደ ቤት ዝንብ ጠንከር ያለ? ደሞ አበራሩን ተመልከቺ፣ ሰነፍ ነው ወይስ ቀልጣፋ። ይሄን ነግረሽን ስሙን ባናገኘው ይገርመኛል።

አጭር_መልስ፦
ለአንዲት ዝንብ ይሄ ሁሉ ምርመራ 😂

ሳያድግ_ቀረ፦
ነጭ መሆናቸውን አይተሻል? እኔ ጋ ቲማቲም ስነካ የሚነሱት ነጭ ነጭ ነበሩ ነጭ ዝንብ ነው ተባልኩ

ባለ_አጉሊ፦
@ሳያድግ_ቀረ ጥሩ አነሳኸው፣ ያ ስሙ ብቻ ነው ዝንብ። ነጭ ዝንብ አራት ክንፍ አለው፣ ዱቄት የተነሰነሰበት ነው የሚመስለው፣ የክሽክሽ (ያ የተክል ጭማቂ የሚመጠው ጥቃቅን ነፍሳ) ዘመድ ነው እንጂ ከዝንብ ጋ ምንም አይገናኝም። ቅጠሉን ስታነቃንቀው እንደ አመድ ቡን ይልና ተመልሶ ከቅጠሉ ስር ይለጠፋል፣ ቅጠሉም የሚያጣብቅ ፈሳሽ ይወርድበታል በላዩም ጥቁር ሻጋታ ያበቅላል። የሷ ግን ጥቁር ናቸው፣ የሚነሱትም ከአፈር ነው ብላለች።

ችግኝ_እና_እኔ፦
እሺ አድርጌዋለሁ። አቼቶው ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ የገባው አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ጠፍቶበት ይመስለኛል። ከፍሪጁ የወጡት ግን... በጣም ነው የገረመኝ አንድ አይነት አይደሉም! እኔ ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድ ነገር መስለውኝ ነበር። አብዛኞቹ ቀጫጭን ናቸው፣ እግራቸው ረጅም፣ አንቴናቸውም ረጅም ነው በአጉሊ ሲታይ ትናንሽ ዶቃ በክር የተሰካ ነው የሚመስለው፣ ሆዳቸው ሾጠጥ ያለ ነው፣ ከሶስት ሚሊሜትር አይበልጡም። ክንፋቸው ላይ ያለው መስመር ጫፉ ጋ እንደ ወንጭፍ ባላ ለሁለት ይከፈላል። ሌሎቹ ሶስት ደሞ ድንብሽብሽ ያሉ ናቸው፣ አንቴናቸው የለም ማለት ይቻላል፣ ክንፋቸው ጠቆር ያለ ሆኖ ላዩ ላይ ፈዘዝ ያሉ ነጠብጣቦች አሉበት። እነዚህኞቹ ከተያዙበት ማሰሮ አፈሩ ላይ አረንጓዴ ነገር ለብሷል፣ የሚያዳልጥ። ክንፋቸው ሁለት ሁለት ነው ሁሉም፣ ያቺን ክብሪት ያልካትንም አየኋት!! ልጄን ጠርቼ አሳየሁት

ግሪንሃውስ_ልጅ፦
ክንፉ ላይ ወንጭፍ ካልሽማ አለቀ። እኔ ግሪንሃውስ ውስጥ ችግኝ ማፍያ ክፍል ስለሰራሁ እነዚህን በህልሜም አያቸዋለሁ። ረጃጅም እግር ያላቸው ፈንገስ ናት ይባላሉ ("ናት" ስላልኩ ሁሉም ሴት ናቸው ማለቴ አይደለም ስማቸው እንደዛ ነው ሃሃ፣ ሳይንሱ ሲያሪዴ ከሚለው ቤተሰብ ነው የሚመድባቸው)። እኔ በአማርኛ የሻጋታ ትንኝ እላቸዋለሁ ምክንያቱም ልጆቻቸው በብዛት የሚበሉት እርጥብ አፈር ውስጥ ያለውን ሻጋታና የበሰበሰ ነገር ነው። ነጠብጣብ ክንፍ ያላቸው ድንቡሾቹ ደሞ ሾር ፍላይ ናቸው፣ እነሱ የሚበሉት ያንን አረንጓዴ ነገር ነው፣ አልጌ ነው እሱ። ተክልሽን አይበሉም፣ ቅጠል ላይ ትናንሽ ጥቁር የኩስ ነጥብ ቢጥሉ ነው፣ ለነሱ ብለሽ አትጨነቂ። ሁለቱም አይናከሱም፣ የሻጋታ ትንኞቹ አይንሽ ውስጥ የሚገቡት ሰነፍ በራሪ ሆነው ነው እንጂ አንቺን ፈልገው አይደለም።

ችግር የምታመጣው የመጀመሪያዋ ነች፣ እሷም ራሷ ሳትሆን ልጇ። የምትበረዋ በህይወት የምትቆየው አንድ ሳምንት ምናምን ነው፣ በዛች ጊዜ ውስጥ ግን መቶና ከዛ በላይ እንቁላል እርጥብ አፈር ላይ ትጥላለች። ከሱ የሚፈለፈለው ትል ነጣ ያለ ነው፣ ውስጡ ወለል ብሎ ይታያል፣ ጭንቅላቱ ግን ጥቁር የሚያብለጨልጭ ነጥብ ነው፣ በሱ ነው የምትለይው፣ የሾር ፍላይ ትል እንደዛ ጭንቅላት የለውም። ከላይኛው ሁለት ሶስት ሳንቲሜትር አፈር ውስጥ ነው የሚኖረው። ትልቅ ተክል ብዙም አይጎዳውም፣ ችግኝና ገና ስር ያላወጣ ቁራጭ ላይ ሲሆን ግን ለስላሳውን ስር ይበላዋል፣ ቁስሉም ለስር አበስብስ በሽታ በር ይከፍታል። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ጠወለገብኝ ያልሽው ቃሪያ በሱ ሊሆን ይችላል፣ ውሃ መብዛት ብቻውንም ያደርገዋል እሱን ላወቀው አልችልም ከዚህ ሆኜ። የወደቁትን ቀስ ብለሽ ነቅለሽ ስራቸውን እዪው።

መኖራቸውን በእርግጠኝነት ለማወቅ ድንች አምጪ። ስቀልድ አይደለም። ጥሬ ድንች ላጥ አድርገሽ ክብ ክብ ቁረጪና አፈሩ ላይ ትንሽ ጫን አድርገሽ አስተኚው፣ የተቆረጠው ፊት ወደ ታች። ሁለት ሶስት ቀን ቆይተሽ ገልብጠሽ ስታዪው ትሎቹ ካሉ ወጥተው ስሩ ተሰብስበው ይጠብቁሻል። እያንዳንዱ ማሰሮ ላይ አንድ አንድ አድርጊ፣ የትኛው እንደተያዘና የትኛው እንዳልተያዘ የምታውቂው በሱ ነው።

ሁለቴ ረጭተሽ ለምን እንደተመለሱም ከዚህ ይገባሻል። የረጨሽው የሚበሩትን ነው የገደለው፣ ከአፈር በታች ያሉትን አላገኛቸውም። ከእንቁላል እስክትበር ሞቅ ባለ ቦታ ሶስት አራት ሳምንት ነው የሚፈጀው፣ ሁሉም እድሜ በአንዴ አፈሩ ውስጥ ስላለ ዛሬ የገደልሻቸውን ነገ የሚወጡት ይተኳቸዋል።

አንድ_ጠብታ፦
ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ በውሃ በጥብጠሽ አፍስሺበት ሲፈላ ታያለሽ ሁሉም ድራሹ ይጠፋል። ምን ያስጨንቃል

ግሪንሃውስ_ልጅ፦
@አንድ_ጠብታ የነካውን ትል ይገድላል አልክድም፣ ግን አፈር ውስጥ ቶሎ ወደ ውሃና ኦክስጅን ተበትኖ ያልቃል፣ ነገ ለምትፈለፈለው አይቆይም። ካበዛሽው ደሞ ያንኑ ልናድነው የምንለውን ለስላሳ ስር ያቃጥላል። መፍላቱ ነው ሰውን የሚያሳምነው እንጂ እኔ ችግኝ ላይ አላደርገውም። ከሱ ይልቅ ሌላ እርጥበት መጨመራችን ራሱ ያናድደኛል፣ የነገሩ ስር ውሃ ሆኖ ሳለ።

አንድ_ጠብታ፦
እኔ ጋ ሰርቷል ወንድም። ሁሉም የየራሱ

ግሪንሃውስ_ልጅ፦
እሺ ይሁን። ለጠያቂዋ እኔ የማደርገውን ልንገራት። ውሃ ቀንሺ፣ ላዩ ሁለት ጣት ያህል እስኪደርቅ ጠብቂ፣ ጣትሽን ከተሽ እርጥብ ከሆነ አታጠጪ። ደረቅ አፈር ላይ እንቁላል መጣል አይወዱም፣ የተጣለውም ትሉም ይደርቃል። ማሰሮው ስር ሳህን ካለ የተጠራቀመውን ድፊው፣ ከተቻለም ውሃውን ከስር በኩል ስጪው ላዩ ደረቅ እንዲሆን። ያልበሰለ ኮምፖስት ከቀላቀልሽም እሱ ይጠራቸዋል። ቢጫ የሚያጣብቅ ወረቀት ካገኘሽ አፈሩ አጠገብ በጠፍጣፋው አስተኚው፣ ቢጫ ይወዳሉ፣ እሱ ብቻውን አይጨርሳቸውም ግን እየቀነሱ ነው ወይስ እየጨመሩ የሚለውን ትቆጥሪበታለሽ። ካልሆነ ቢቲአይ የሚባል ባክቴሪያ አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1976 እስራኤል ባለው ኔጌቭ በረሃ ውስጥ ነው የተገኘው፣ የወባ ትንኝ እጭ ለመግደል የሚጠቀሙበት ያው ነው፣ ለሰውም ለንብም ጉዳት የለውም። ትሉ ሲበላው ነው የሚሰራው፣ የምትበረዋን አይነካትም፣ አፈር ውስጥም ብዙ ስለማይቆይ በየሳምንቱ መድገም ይፈልጋል። ሰው አንዴ አድርጎ "አልሰራም" የሚለው ለዛ ነው።

ባለ_አጉሊ፦
ጥርት ያለ መልስ። እኔ የምጨምረው የቲማቲሙን ነው ማንም አላነሳውም። ነጩ ጥምዝምዝ መስመር ከነዚህ ከሁለቱ ጋ አይገናኝም፣ ሶስተኛ ዝንብ ነው፣ ቅጠል ሰርሳሪ። ትልቁ ሁለት ሚሊሜትር ቢሆን ነው፣ ጥቁርና ቢጫ፣ ክንፎቹ መሀል ጀርባው ላይ ቢጫ ነጥብ አለው። ሴቷ ቅጠሉን ወግታ እንቁላል ታስቀምጣለች፣ ትሉ በላይኛውና በታችኛው የቅጠል ቆዳ መሀል ሆኖ እየበላ ይሄዳል። መስመሩን ልብ ብለሽ እዪው አንዱ ጫፍ እንደ ክር ቀጭን ነው፣ እየሄደ እየሰፋ ይመጣል፣ የሚሰፋው ትሉ እያደገ ስለሆነ ነው። ቅጠሉን ለፀሀይ ከፍ አድርጊና በሰፊው ጫፍ በኩል ተመልከቺ፣ ትሉ አሁንም ውስጡ ካለ ቢጫማ ሆኖ ሲንቀሳቀስ ይታያል፣ እዛው በጣትሽ ጨፍልቂው። መድሃኒት ሊያደርገው የማይችለውን አውራ ጣትሽ ያደርገዋል። ጫፉ ላይ ምንም ከሌለ ወጥቶ አፈር ውስጥ ገብቷል፣ ያን ቅጠል መቁረጥ የሞተ ሬሳ መግደል ነው።

ከረጨሁ በኋላ ባሰበት ያልሽው ደሞ ያንቺ ግምት ብቻ እንዳይመስልሽ። ቅጠል ሰርሳሪን የሚያጠፉ ጥቃቅን ተርቦች አሉ፣ ዝንቧን ራሷን የሚያካክሉ፣ እንቁላላቸውን ቅጠሉ ውስጥ ትሉ ጎን ይጥሉና የነሱ ልጅ ትሉን ይበላዋል። ያገኘውን ሁሉ የሚገድል መድሃኒት ስትረጪ ውጪ የምትዞረዋ ተርብ ትሞታለች፣ ትሉ ግን ቅጠሉ ቆዳ ውስጥ ተሸሽጎ ይተርፋል። ጠባቂውን አስረሽ ሌባውን ለቀሽዋል ማለት ነው።

ችግኝ_እና_እኔ፦
ኧረ በናትህ 😭 እሱን ሳነብ ሌላ ትዝ አለኝ። ከመርጨቴ በፊት ቢጫና ጥቁር መስመር ያላቸው ትናንሽ ተርብ የሚመስሉ አየር ላይ አንድ ቦታ ቀጥ ብለው የሚቆሙ ነበሩ ድንቡጥ ያሉ፣ ክሽክሽ የነበረበት ግንድ አካባቢ ያንዣብቡ ነበር። ልጄን ይነድፉታል ብዬ በደንብ አድርጌ ነው የረጨኋቸው። አሁን የሉም። ክሽክሹ ግን አለ፣ እንዲያውም ሰፍቷል

ባለ_አጉሊ፦
አዎ። አንዣባቢ ዝንብ ነበሩ እነሱ፣ ተርብ አይደሉም፣ ክንፋቸውን ብትቆጥሪው ሁለት ነው፣ አንቴናቸውም አጭር፣ መንደፊያም የላቸውም፣ ወፎች እንዳይበሏቸው ብለው ነው ተርብ የሚመስሉት። ልጆቻቸው ክሽክሽ በል ናቸው፣ አንዷ ትል አድጋ እስክትጨርስ በመቶ የሚቆጠር ክሽክሽ ትበላለች። ትሏ ደሞ ታስጠላለች እግር የላት አይን የላት ቅጠል ላይ የተጣለ ንፍጥ ነው የምትመስለው፣ ሰው አይቶ የሚጨፈልቃት ለዛ ነው። አበባ ካለ ይመለሳሉ መርጨቱን ካቆምሽ። ቢጫውን ወረቀት ግን ውጪ መደቡ ላይ አትስቀይ፣ እነሱንም ይይዛቸዋል፣ ችግኝ ማሰሮው አጠገብ ብቻ።

ሳያድግ_ቀረ፦
እኔ እስከዛሬ አንዣባቢዋን "ህፃን ንብ" ነው የምላት ለካ ዝንብ ነች

ችግኝ_እና_እኔ፦
ከአስራ ሰባት ቀን በኋላ ተመለስኩ፣ ጠፍቼ አይደለም ልቆጥር ብዬ ነው።

ድንቹን አስራ አንዱ ማሰሮ ላይ አደረግኩ። በሶስተኛው ቀን ስገለብጠው ሰባቱ ስር ምንም የለም፣ አራቱ ስር ግን ኡኡኡ... አንዱን ብቻ ልንገራችሁ አስራ ዘጠኝ ቆጥሬ ተውኩት፣ ነጭ ክር የሚመስሉ ጥቁር ጭንቅላታቸውን ድንቹ ውስጥ ቀብረው። አራቱም የቃሪያ ናቸው፣ አራቱም ስራቸው ሳህን ነበረበት። የወደቁትን ችግኞች ነቅዬ አየሁ እንደተባለው ቀጫጭኑ ስር የለም፣ ዋናው ብቻ ቀርቶ ነበር እሱም ቡኒ ሆኖ ሲነካ ልጣጩ ይወልቃል። ሳህኖቹን አነሳሁ፣ ውሃ በየቀኑ የነበረውን በአራት ቀን አንዴ አደረግኩት። የትሎቹን ድንች ደሞ በየሶስት ቀኑ ከነተሸከማቸው እያነሳሁ ቀየርኩ፣ ማንም አልነገረኝም ግን እጄ ላይ ካሉ ለምን እመልሳቸዋለሁ ብዬ ነው። ቢቲአይ ያገኘሁት ዘግይቼ ስለሆነ ሁለቴ ብቻ ነው ያደረግኩት።

ቢጫው ወረቀት ላይ በመጀመሪያው ሳምንት ሰማንያ ሶስት ነበሩ፣ በሁለተኛው ሀያ ስድስት። ድንቡሾቹ ሾር ፍላዮች አልጌውን በማንኪያ ስጠርገው አብረው ሄዱ፣ አሁን የሉም። ቲማቲሙ ላይ ከልጄ ጋ ቁጭ ብለን ቅጠል ወደ ፀሀይ እያነሳን ትል እንፈልጋለን፣ ማን ብዙ ያገኛል እየተባባልን፣ እሱ ይበልጠኛል አይኑ ጥሩ ነው። ትናንት አንድ ቅጠል ላይ ያለው ትል አልንቀሳቀስ ሲለን በመርፌ ከፍተን አየነው፣ ደርቆ ጠቁሯል፣ አጠገቡም ሌላ ትንሽ ነገር ነበረ ከሱ ያነሰ። @ባለ_አጉሊ ይሄ ያልከው የተርቧ ልጅ ነው? ፎቶ አለኝ፣ ዙም ሳላደርግ ነው ያነሳሁት።

ባለ_አጉሊ፦
ነው እንጂ! ትሉ የሞተው በመድሃኒት ቢሆን አጠገቡ ሌላ አታገኚም ነበር። እንደዛ አይነት ቅጠል ስታገኙ አትጨፍልቁት አትቁረጡትም፣ ግንዱ ላይ ተዉት ትውጣ። ለልጅሽም ንገሪው የሚንቀሳቀሰውን ብቻ ነው መጨፍለቅ።

ግሪንሃውስ_ልጅ፦
ድንቹን ከነትሉ አንስቶ መጣል እኔም አደርገዋለሁ ሳልነግርሽ ረስቼው ነው። ቢቲአዩን ግን ሀያ ስድስት ላይ ስለወረደ እንዳታቆሚ፣ ቢያንስ ሁለቴ ድገሚው፣ አሁን አፈር ውስጥ ያሉት ገና አልወጡም።

አጭር_መልስ፦
እኔ የፍራፍሬ ዝንብ ነው ያልኩት ይሰረዝልኝ 🙈 ያቺ አቼቶ ውስጥ የገባችው አንዷ ግን አይኗ ቀይ ነበር?

ችግኝ_እና_እኔ፦
@አጭር_መልስ ሃሃሃ ቀይ ነበር! ያንተ ነበረች